ላኪው «ልኬያለሁ» ይላል፣ ሳጥኑ ባዶ ነው፦ ስለ ራስ ኢሜይል ሰርቨር ጥያቄና መልስ

የአንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት ኢሜይል በራሳችን ሰርቨር ላይ፣ ኢሜይል ተቀብሎ በሚያደርሰው በፖስትፊክስና ሳጥኑን ለተጠቃሚው በሚያስነብበው በዶቭኮት፣ ስጠብቅ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዛሬ ስለ ገቢ ኢሜይል ብቻ ጠይቁኝ፤ የወጪው ጉዳይ የራሱ ቀን ይገባዋል። አስቀድሜ አንድ አደራ ልበል። መልእክቱ የት ላይ እንደቆመ ሳታውቁ ቅንብር አትንኩ። የመጀመሪያው ስሕተት ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ በችኮላ የተደረጉ አምስት ለውጦች ሰርቨሩን ጨርሶ አበላሽተውት እስኪነጋ ስለፋ ያደርኩበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ከትናንት ጀምሮ ከውጭ የሚላክልን አንድም ኢሜይል አልገባም። እኛ የምንልከው ግን ይደርሳል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የምትልኩት መድረሱ ስለሚገባው ምንም አይነግርዎትም፤ መንገዳቸው የተለያየ ነው። ገቢ መልእክት ሲመጣ ላኪው ሰርቨር መጀመሪያ የዶሜይናችሁን የኤምኤክስ መዝገብ፣ ማለትም ፖስታችሁን የሚቀበለው ሰርቨር የትኛው እንደሆነ በዲኤንኤስ (በኢንተርኔት የስም ማውጫ) ላይ የሚናገረውን መዝገብ፣ ይጠይቃል፤ ያገኘውን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ይቀይራል፤ ከዚያ ፖርት 25ን፣ ማለትም ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበትን በር፣ ያንኳኳል። በሩ ሲከፈት ፖስትፊክስ ተቀብሎ ወደ ሳጥኑ ያስገባል፣ ወይም ምክንያቱን ተናግሮ ይመልሳል።

እኔ ከመሀል እጀምራለሁ። የኢሜይል ሎጉን (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) በአንድ መስኮት ከፍተው እየተከታተሉ፣ ከጂሜይል ወይም ከሌላ የውጭ አድራሻ አንድ መልእክት ይላኩ። «ኮኔክት ፍሮም» የሚል መስመር ከታየ ዲኤንኤሱም ፋየርዎሉም (ግንኙነትን የሚያግደው አጥር) ደህና ናቸው ማለት ነው፤ የሥራው ግማሽ ተጠናቀቀ። ከዚያ በታች ያለው መስመር ችግሩን በቃል ይነግርዎታል። ምንም ካልታየ ደግሞ ፖስትፊክስን አይንኩት፤ መልእክቱ ገና ደጁ አልደረሰም።

ጥያቄ፦ የእኔ ሎግ ጸጥ ብሏል። ደጁ ካልደረሰ የት ልፈልገው?

መልስ፦ ኤምኤክሱን ከሰርቨሩ ውጭ ሆነው ይጠይቁ፤ ሰርቨሩ ስለ ራሱ የድሮ መልስ ይዞ ሊሆን ይችላል። የኤምኤክስ መዝገብ የሚያመለክተው ስምን እንጂ አይፒ ቁጥርን አይደለም፤ ያም ስም ተለዋጭ ስም (ሲኔም) መሆን የለበትም። የዶሜይኑ ክፍያ ጊዜ አልፎም እንደሆነ ይመልከቱ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ክላውድፍሌር የተባለውን የዲኤንኤስና የድረ ገጽ ሽፋን አገልግሎት የምትጠቀሙ ደግሞ የሜይል ሰርቨሩ ስም በብርቱካናማው ደመና ሥር እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ያ ሽፋን ለድረ ገጽ እንጂ ፖርት 25ን አያሳልፍም።

ቀጥሎ ፖርቱ። ከቤት መስመር ወደ ፖርት 25 መሞከር ያሳስታል፤ ብዙ የቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎች ወደዚያ ፖርት መውጣትን ስለሚዘጉ ጤነኛውን ሰርቨር ሞቷል ብለው ያስባሉ። ሌላ ቦታ ከተከራዩት ሰርቨር ይሞክሩ። ከውጭ ዝግ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ የሚያዳምጠውን አድራሻ ያንብቡ፤ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ከሆነ «ኢኔት ኢንተርፌስስ» የሚለው ቅንብር «ሉፕባክ ኦንሊ» ተብሎ ቀርቷል። ሰርቨሩ ከራሱ ጋር ብቻ እያወራ ነው።

የአይፒ ስሪት 6 አድራሻ በዲኤንኤስ አስመዝግባችሁ ፋየርዎሉን ለስሪት 4 ብቻ የከፈታችሁም አላችሁ። የዚያ ምልክቱ አንዳንዱ ላኪ ወዲያው ሲደርስ ሌላው መዘግየቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቴልኔት ፖርት 25 ላይ ገብቼ ራሴ እንደ ላኪ ሆኜ ሞከርሁ። ሰላምታውን ሰጠኝ፣ ተቀባዩን ስነግረው ግን 554 ብሎ መለሰኝ።

መልስ፦ ጥሩ አድርገሃል፤ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ የለም። ንግግሩን ለሌሎችም መስመር በመስመር ላስቀምጠው። ሰርቨሩ 220 ብሎ ስሙን ይናገራል። አንተ ኢኤችኤልኦ ብለህ ራስህን ታስተዋውቃለህ፣ 250 ይልሃል። «ሜይል ፍሮም» ብለህ ላኪውን ትሰጣለህ፣ አሁንም 250። «አርሲፒቲ ቱ» ብለህ ተቀባዩን ስትሰጥ «554 5.7.1 ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» ይመጣል። ይህ ማለት ሰርቨሩ «ይህ ዶሜይን የእኔ አይደለም፣ ለሌላ ሰው ፖስታ አላደርስም» እያለህ ነው። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ ዶሜይኑ የእሱ መሆኑን ያልነገርኸው አንተ ነህ።

ዶሜይኑ የሚጻፈው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው። ተቀባዮቹ የሊኑክሱ ተጠቃሚዎች ከሆኑ «ማይዴስቲኔሽን» ውስጥ፣ ሳጥኖቹ በፋይል ወይም በመረጃ ቋት የተመዘገቡ ከሆነ «ቨርቹዋል ሜይልቦክስ ዶሜይንስ» ውስጥ። ሁለቱም ጋ አትጻፈው፤ ፖስትፊክስ ራሱ በማስጠንቀቂያ ይከለክልሃል። ትክክል ጽፌያለሁ ካልህ «ፖስትማፕ»ን በጥያቄ ምርጫው ተጠቅመህ ዶሜይኑን ከሰንጠረዡ ጠይቀው፤ ባዶ ከመለሰልህ ዶሜይኑ በሰንጠረዡ ውስጥ አልተገኘም፤ የስሕተት መልእክት ካወጣ ግን የመረጃ ቋቱ ግንኙነት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። መልሱ 550 5.1.1 ቢሆን ኖሮ ዶሜይኑን አውቆ ተጠቃሚውን አላወቀም ማለት ነበር።

እባክህን ግን «ማይኔትዎርክስ»ን (ሰርቨሩ የሚያምናቸውን አድራሻዎች ዝርዝር) ለዓለም ሁሉ አትክፈተው። እርግጥ 554ቱ ይጠፋል። ነገር ግን የአጭበርባሪ ሁሉ ፖስታ በአንተ በኩል ያልፋል፤ አይፒህም በጥቁር መዝገብ፣ ማለትም በስፓም ላኪዎች ዝርዝር፣ ላይ ይሰፍራል።

ጥያቄ፦ ደንበኛችን «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልኬያለሁ» አለችን። በሎጉ 3 ሰዓት አካባቢ ያለውን ሁሉ አነበብሁ፣ ምንም የለም።

መልስ፦ ሰርቨርዎ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ) ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ 6 ሰዓት ነው። ለቀኑ ሰዓት 3 ይደምሩ፦ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት በሎጉ 11 ይሆናል። ለማታና ለሌሊት 15 ይደምሩ፦ ማታ 2 ሰዓት 17፣ ሌሊት 8 ሰዓት 23 ይሆናል፤ ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱ። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተቀናበረ ደግሞ ለቀኑ የሚደመረው 6 ነው። ቀኑንም ልብ ይበሉ፤ በዩቲሲ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሌላ ችግር ከመፈለግዎ በፊት 6 ሰዓት አካባቢ ያለውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ሰርቨራችን ለወራት ደህና ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ሁሉንም ላኪ፣ ትልልቆቹን ድርጅቶች ሳይቀር፣ በጥቁር መዝገብ ላይ ናችሁ እያለ ይመልሳል። ቅንብሩን ማንም አልነካውም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ እኔንም አንድ ሙሉ ቀን ያስጨነቀኝ ይኸው ነውና።

በሎጉ የመለሰበትን ምክንያት እስከ መጨረሻው አንብቡት። «ዜን ዶት ስፓምሃውስ ዶት ኦርግ» ካለ በኋላ «ኦፕን ሪዞልቨር» የሚል ከተጨመረበት፣ ላኪዎቹ ምንም አላጠፉም። ነገሩ እንዲህ ነው። ፖስትፊክስ ስለ አንድ አይፒ ስፓምሃውስን፣ ማለትም የጥቁር መዝገቡን ባለቤት፣ የሚጠይቀው በዲኤንኤስ በኩል ነው። አይፒው ተመዝግቦ ከሆነ መልሱ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ካልተመዘገበ መልስ የለም። ነገር ግን ሰርቨራችሁ እንደ 8.8.8.8 ያለ የሕዝብ ዲኤንኤስ የሚጠቀም ከሆነ ስፓምሃውስ ማን እንደጠየቀው መለየት አይችልምና 127.255.255.254 የሚል የስሕተት ምልክት ይልካል። ፖስትፊክስ በሌላ መልክ ካላዘዛችሁት የትኛውንም መልስ «ተመዝግቧል» ብሎ ይረዳዋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ወንጀለኛ ይሆናል።

በእኛ ዘንድ የሆነው ይህ ነበር። ቅንብሩ አልተነካም፤ የሰርቨር አከራዩ ግን በጥገና ወቅት የዲኤንኤስ አድራሻውን ቀይሮት ነበር። እኔም አንባውንድ የተባለውን ዲኤንኤስ ሰርቨር በራሱ ማሽን ላይ ጫንሁ፣ ስርዓቱ 127.0.0.1ን እንዲጠይቅ አደረግሁ፣ በእጄ ስሞክር መልሱ ትክክል ሆነ፤ ፖስትፊክስ ግን አሁንም ሁሉንም ይመልሳል። ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው ያየሁት። በብዙ የደቢያንና የኡቡንቱ እትሞች ፖስትፊክስ በተከለለ ማውጫ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የዲኤንኤስ ቅንብሩም የራሱ ቅጂ አለው። ቅጂው የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ነበር። «ሪሎድ» ብቻ ማድረግ አልበቃም፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ሳስነሳው ቅጂው ታደሰ፣ ፖስታውም ገባ።

ከዚያ ወዲህ በቅንብሩ ላይ ከመዝገቡ ስም ቀጥሎ ተቀባይነት ያለውን የመልስ ክልል፣ ማለትም 127.0.0. ብዬ በቅንፍ 2..11፣ እጽፋለሁ። እናንተም ዛሬ ጻፉት። የሞቱ ጥቁር መዝገቦችንም ከቅንብራችሁ አውጡ። ኦአርዲቢ የተባለው በ2006 ሥራ አቁሞ፣ በመጋቢት 2008 ለሚጠየቀው አይፒ ሁሉ «ተመዝግቧል» ማለት ጀመረ፤ ስሙን ያላወጡ ሰርቨሮች ፖስታቸውን በሙሉ መለሱ። ሶርብስም በሰኔ 2024 ተዘግቷል። (ወራቱና ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የባንክ ማረጋገጫ ኮድ ጊዜው ካለፈበት በኋላ ነው የሚደርሰኝ።

መልስ፦ ግሬይሊስቲንግ ነው። የማያውቀውን ላኪ በ450 ወይም በ451 «ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል፤ ፖስትግሬይ በነባሪው የሚያቆየው 300 ሰከንድ ነው፣ ላኪው ግን በራሱ ሰዓት ነው የሚመለሰው። ለባንኩ ዶሜይን ነጻ ፈቃድ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ሰርቨራችን አዲስ አበባ ቢሯችን ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚላክልን ይጠፋል? ሁለተኛ ኤምኤክስ ያስፈልገናል?

መልስ፦ አይጠፋም። ደንቡን የሚያከብር ላኪ ሰርቨር በር ካጣ መልእክቱን በወረፋው ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የኤስኤምቲፒ መመሪያ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲቆይ ይመክራል፣ ፖስትፊክስም በነባሪው 5 ቀን ይይዛል። ስለዚህ ለግማሽ ቀን መብራት ብላችሁ ሁለተኛ ኤምኤክስ አታቁሙ። በደንብ የማይጠበቅ ተጠባባቂ ለስፓም የኋላ በር ይሆናል።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መስመራችሁ ቋሚ አይፒ ከሌለው መብራቱ ሲመለስ አድራሻችሁ ተቀይሮ ሊነሳ ይችላል፣ ዲኤንኤሱ ግን የድሮውን ያሳያል። በዚያ በድሮው አድራሻ ላይ የሌላ ሰው ሜይል ሰርቨር ካለ 554 ብሎ ይመልሰዋል፤ ላኪውም ያንን የመጨረሻ መልስ አድርጎ ይይዘዋልና ዳግም አይሞክርም። ዝምታ መልእክቱን ያቆየዋል፤ በ5 የሚጀምር መልስ ግን ይገድለዋል። ቋሚ አይፒ ሳይዙ የመሥሪያ ቤት ፖስታ መቀበል አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ 9 ሜጋባይት አባሪ ያለው ተመለሰ። የፖስትፊክስ ገደብ 10 አይደለም?

መልስ፦ ነባሪው 10,240,000 ባይት ነው። አባሪ ለጉዞ ሲዘጋጅ ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያብጣል፤ 9 የነበረው 12 ሆኖ ነው ደጅ የደረሰው። ገደቡን ከፍ ሲያደርጉ የሳጥኑም ገደብ ከእሱ እንዳያንስ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሎጉ «ሰንት» (ተልኳል) ይላል፣ ተጠቃሚዋ ግን አላየሁም ትላለች። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። መስመሩን ወደ ግራ ያንብቡ፤ ማን እንደተረከበው ይጽፋል። «ሎካል» ካለ ፖስትፊክስ ራሱ በነባሪው የሜይል ማውጫ አስቀምጦታል፣ ዶቭኮት ደግሞ በተጠቃሚዋ ቤት ማውጫ ውስጥ እየፈለገ ይሆናል። አንዱ የሚጽፍበትን ሌላው እንዲያነብ ማስማማት ነው። «ኤልኤምቲፒ» ካለ ዶቭኮት ተረክቧል፤ መልእክትን በየማኅደሩ የሚለዩትን የሲቭ ደንቦችንና የስፓም ማኅደሩን ይመልከቱ። በመጨረሻም እህታችንን በአክብሮት ይጠይቋት፦ ቤት ውስጥ የቀረ አሮጌ ስልክ ወይም ኮምፒውተር በፖፕ3 አውርዶ ከሰርቨሩ እየሰረዘባት ይሆን?

ጥያቄ፦ መንስኤውን እስካገኘው ድረስ የደንበኞች መልእክት ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ጊዜ የምገዛበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፣ አሁኑኑ ያድርጉት። በፖስትፊክስ ዋና ቅንብር «ሶፍት ባውንስ»ን «የስ» ያድርጉና ሪሎድ ይበሉ። በ5 የሚጀምረው መልስ ሁሉ በ4 ይጀምራል፣ ላኪዎቹም መልእክቱን ይዘው ይጠብቁዎታል። የተመለሱት ተመልሰዋል፤ ከአሁን በኋላ የሚመጡት ግን ይድናሉ። ስፓምም አብሮ ደጋግሞ ያንኳኳልና፣ ችግሩን ፈትተው አንድ የሙከራ መልእክት ሳጥን ውስጥ እንደገባ በዓይንዎ ሲያዩ ወደ «ኖ» ይመልሱት።