እናቴ እያጠበችኝ መኖር ከበደኝ

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የልስን ባለሙያ ነበርኩ። ከ8 ወር በፊት የቆምኩበት መወጣጫ ተሰብሮ ወደቅኩና ህብለ ሰረሰሬ ተጎዳ። ከወገቤ በታች አይታዘዝልኝም፣ ስሜትም የለኝም። የምታጥበኝ፣ የምታገላብጠኝ፣ ሽንቴን በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) የምታስወጣልኝ እናቴ ናት። ጓደኞቼ ሲመጡ “ተኝቷል በሏቸው” እላለሁ። አንዳንድ ሌሊት “ምነው ያኔ ሞቼ ባረፍኩ” እላለሁ። እርስዎ እንዴት ቻሉት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሌሊቱ ሐሳብ ልጀምር። እኔም ጋ መጥቶ ነበር። ነውር የለበትም፤ ብቻህን ግን አትያዘው። ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር፤ ለሐኪምህም እንደ ማንኛውም ሕመም ንገረው፤ ድብርት ሕክምና አለው። ሐሳቡ ከበረታብህ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱህ።

እንዴት ቻሉት ላልከኝ፣ መጀመሪያ አልቻልኩትም። ሚኒባሳችን ተገልብጦ እኔም እንዳንተ ከሆንኩ 14 ዓመት ሆነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ቀን አንዲት ነርስ ትንሽ የጢም መላጫ መስታወት አመጣችልኝና “ከእንግዲህ ጀርባሽን አንቺው እዪው” አለችኝ። ሳየው ጭራ አጥንቴ ላይ የሳንቲም ያህል የጠቆረ ቦታ አለ። ስዳስሰው ከዙሪያው ይሞቃል፣ ደደር ብሏል። በእኛ መልክ ላይ ቅላት ቶሎ አይታይምና የአልጋ ቁስል ሲጀምር እንዲህ ነው። እስኪጠፋ ድረስ በጀርባዬ አልተኛሁም፣ አልተቀመጥኩበትም። ሳይቆስል ዳነ። ከአደጋው ወዲህ ይህን ገላ “የኔ” ያልኩት ያን ቀን ነው።

አንተም ከእናትህ አንድ ሥራ ተቀበላት፤ ጠዋትና ማታ መስታወቱን ያዝ። እሱን ስትለምድ ወደ ካቴተሩ ሂድ። እጆችህ ደህና ስለሆኑ ነርስ ብታሳይህ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ራስህ ማድረግ ትችላለህ። እናቴን ላላድክም ብለህ ውሃ ቀንሰህ ከሆነ (እኔ አድርጌዋለሁ) እባክህ ተው፤ ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ዊልቸር ላይ ስትሆን በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደፊት ጎንበስ ብለህ ሁለት ደቂቃ ያህል መቀመጫህን ከጫናው አሳርፍ፤ ሌሊት በየ2 ሰዓቱ ጎን ቀይር። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ የጎማ ትራስ ቢያመጡልህ አትቀመጥበት፤ ዙሪያውን እየተጫነ ደም ያግዳል። የቡና ስኒም ጭንህ ላይ አታስቀምጥ፤ እኔ መቃጠሌን ያወቅሁት ቀሚሴን ሳወልቅ ነው።

ጓደኞችህን ደግሞ አስገባቸው። ቁጭ ብለው ሲያዝኑልህ ማየት ይከብዳል፣ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ሥራ ስጣቸው። የቤታችሁ ደጃፍ ደረጃ አለው? አሸዋና ሲሚንቶ ይዘው ይምጡና በዊልቸር የምትወጣበት ራምፕ ይሥሩልህ። ልኩን የምታወጣው አንተ ነህ፦ ለ1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት። ደረጃው 15 ሳንቲ ከሆነ 1 ሜትር ከ80 ይሁን። ፊቱን ሲለስኑ ግን በጣም እንዳያለሰልሱት ተቆጣጠራቸው፤ ዝናብ ሲመታው ጎማው ያንሸራትታል።