ከሜዳው መሀል ወደ ሜዳው ዳር

ጥያቄ፦ ዴሚኮ ራያንስ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የሆነው የሂዩስተን ቴክሳንስ ዋና አሰልጣኝ የሆነው በተጫዋችነት ዘመኑ ስም ስላተረፈ ብቻ ነው ይላል ወንድሜ። እውነት ነው?

መልስ፦ ከወንድምዎ ጋር አልስማማም። ሂዩስተን በ2006 እ.ኤ.አ. ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት በሁለተኛው ዙር መረጠው፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። ቦታው ላይንባከር ነበር፤ ማለትም ከመከላከያው የፊት መስመር ጀርባ የሚቆም ተከላካይ። መሀል ላይ የሚቆም ላይንባከር የአሰልጣኙን ትእዛዝ ለጓደኞቹ ያስተላልፋል፤ ተጋጣሚ አሰላለፉን ሲለውጥም የራሱን ወገን በሰከንዶች ውስጥ እንደገና ያደራጃል። ለእኔ አሰልጣኝነቱ የተጀመረው ያኔ ነው።

የተረከዙ ጅማት ሁለት ጊዜ ተበጥሶበታል፤ በ2010 እና በ2014፣ ሁለተኛው በፊላደልፊያ ኢግልስ ሳለ። መጫወት ካቆመ በኋላ በስሙ ቢመካ ኖሮ ከታች አይጀምርም ነበር። በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስን በዝቅተኛ ረዳትነት ተቀላቀለ፤ ቀጥሎ የላይንባከሮች አሰልጣኝ ሆነ፤ በ2021 የመከላከሉን ክፍል በሙሉ ተረከበ። ይህ መንገድ በጣም ያስደንቀኛል።

በ2023 ሂዩስተን ሲጠራው፣ ቡድኑ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ያሸነፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነበር። እሱ በመጀመሪያ ዓመቱ 10 አሸነፈ፤ በጥሎ ማለፉም ክሊቭላንድ ብራውንስን 45 ለ14 ረታ። እርግጥ የአዲሱ ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) የሲጄ ስትራውድ ድርሻም ትልቅ ነበር።