ህንድ «ገለልተኛ» ናት ወይስ «በሁለት ቢላ የምትበላ»?

ጥያቄ፦ አንድ ዘገባ «ህንድ በአሜሪካና በሩሲያ መካከል ገለልተኛ ናት» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «በሁለት ቢላ የምትበላ ናት እንጂ ምኑን ገለልተኛ ሆነች?» አለኝ። የማን አነጋገር ነው ትክክል?

መልስ፦ ለእኔ ሁለቱም አይጥሙኝም። በተለይ «ገለልተኛ» ስንት ዓመት ሲያንገበግበኝ የኖረ ቃል ነው።

«ገለል አለ» ማለት ዞር አለ ማለት ነው። «ገለል በሉ፣ መኪናው ይለፍ» እንላለን። «አገለለ»፣ «ተገለለ»፣ «መገለል» ከዚሁ ቤት ናቸው፤ ሁሉም ውስጥ መራቅ አለ። «-ተኛ» ሲጨመርበት ዞር ማለትን ሥራው ያደረገ ይሆናል።

ታዲያ ህንድ ከምኑ ዞር አለች? እ.ኤ.አ. በ2018 ኤስ-400 የተባለውን የአየር መከላከያ ከሩሲያ ለመግዛት ፈረመች። ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከአውስትራሊያ ጋር ኳድ በሚባለው የአራት አገሮች ስብስብ ውስጥ አለች። ከቻይናና ከሩሲያ ጋር ደግሞ ብሪክስ በሚባለው የታዳጊ ኢኮኖሚዎች ማኅበር ውስጥ። ይሄ ገበያው መሐል ቆሞ መደራደር ነው።

«ገለልተኛ ዳኛ እንል የለ? ቃሉ አለማዳላት ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ዳኛ እኮ ከክርክሩ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ህንድ ግን ነዳጁንም፣ መሣሪያውንም፣ ገበያውንም ትፈልጋለች።

እ.ኤ.አ. በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ዩክሬን ድምፅ ሲሰጥ ህንድ ድምፀ ተዐቅቦ አደረገች። ይሄን ቃል እወደዋለሁ። ግእዙ «ዐቀበ» ጠበቀ ማለት ነው፤ ዐቃቤ ሕግም ከዚያው ይወጣል። (በ«አ» የምትጽፉት፣ እባካችሁ ዐይኑን «ዐ»ን መልሱለት።) ድምፁን የጠበቀ ሰው ከጉባኤው አልወጣም፣ ገለልም አላለም።

«በሁለት ቢላ መብላት» ደግሞ ማታለል አለበት። ህንድ የምታደርገውን በግልጽ ነው የምታደርገው። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ይቀርባታል። «የሁለት ባላ ፖሊሲ» ቢባል ደስ ባለኝ። ማንም ሲጽፈው አላየሁም፤ ለጆሮዬ ግን ከሁሉም ይጥመኛል።

እርግጥ ነው፣ ልማድ አሸንፎኛል። እ.ኤ.አ. በ1961 የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ቤልግሬድ የተገኙበትን ስብስብ «የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ» ብለን ለምደነዋል። «ያልወገኑ አገሮች» ቢባል ይሻል ነበር። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ስትፈርምም «ገለልተኛ» ነበር የምትባለው! ስለዚህ ዘገባውን የጻፈውን ሰው ተሳስተሃል ልለው አልችልም። እርስዎ ሲጽፉ ግን «ለአንዱ አልወገነችም» ቢሉልኝ ደስ ይለኛል።