«መጣሁ» ብሎ የሄደው ጓደኛዬ

ጥያቄ፦ የቋንቋና ኮሙኒኬሽን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሶሱር፣ ሻነን፣ ኦስቲን፣ ግራይስ እያልን በየሳምንቱ አዲስ ንድፈ ሐሳብ እንማራለን። ሸምድጄ ፈተናውን አልፋለሁ፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ ይመስለኛል። የትኛውን ልያዝ? እንዴትስ ላጥና?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የተማሪነት ደብተሬ ትዝ አለኝ። ከዳር እስከ ዳር ትርጓሜ ሞልቶበታል፤ አንድም የሰው ንግግር ግን አልነበረበትም።

አንድ ምሽት አብሮኝ የሚያጠናው ጓደኛዬ እስክሪብቶውን መጽሐፉ መሀል አስገብቶ ተነሣና «መጣሁ» ብሎኝ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ነው የነቃሁት። ሰውየው እየሄደ ነው፤ የነገረኝ ግን መምጣቱን ነው፣ ያውም በኃላፊ ጊዜ! እኔም ቅንጣት አልተደናገርኩም።

ያንን ቃል ይዤ ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። እርሱ ከሞተ በኋላ ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ1916 የታተመለት የቋንቋ ሊቁ ሶሱር፣ «መጣሁ» ዋጋ የሚኖረው ከ«መጣህ» እና ከ«እመጣለሁ» በመለየቱ እንደሆነ አሳየኝ። የሒሳብ ሊቁና መሐንዲሱ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ መልእክት ማስተላለፍ ባወጣው ጥናት የትርጉምን ጉዳይ ገና ከመግቢያው ወደ ጎን ትቶታል። የእርሱ ጭንቀት መልእክቱ በጩኸት መሀል ሳይበላሽ መድረሱ ነው። «ትርጉምን ዘነጋ» ብለው የሚወቅሱትን አልወድም፤ ያልተነሣበትን ጥያቄ ለምን አልመለስክም ማለት ነውና።

ለፈላስፋው ኦስቲን መናገር ራሱ ማድረግ ነው። የጓደኛዬ «መጣሁ» ወሬ ሳይሆን ቃል መግባት ነበር። «ዋሸህ፣ ገና አልመጣህም» የሚለው የለም፤ ሳይመለስ ቢያድር ግን ልቀየመው እችላለሁ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላው ፈላስፋ ግራይስ ነው። ጓደኛዬ «ጥናቱ አላበቃም፣ መብራቱን አታጥፋ» አላለኝም፤ እኔ ግን መጽሐፉ ውስጥ የቀረውን እስክሪብቶ አይቼ ይህንንም ተረዳሁ። አድማጭ ከተባለው ተነሥቶ ያልተባለውን የሚደርስበት መንገድ አለው፤ ግራይስ የመረመረው ይህንኑ መንገድ ነው።

አየሽ፣ አራቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቃል ነው፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ይለያያል። ስለዚህ ከስማቸው በፊት ጥያቄያቸውን ጻፊ፤ ከሥሩም በዚያ ቀን በጆሮሽ የሰማሽውን አንድ ንግግር፣ ማን ለማን እንዳለው ጭምር። በ«እሺ» ጀምሪ። አንዱ ተስማምቶ ይለዋል፣ ሌላው ተቆጥቶ፣ ሌላው ስልኩን ለመዝጋት ቸኩሎ።