ድንክ እስስት ናት ወይስ የእኛዋ ግልገል? ከዘጌ ለመጣችው እስስት መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ ዘጌ አያቱ ጋ ሄዶ ከቡና ላይ ጣት የማታክል እስስት ይዞ መጥቷል፣ ሃይላንድ ውስጥ አስቀምጧታል፣ አንቺ ደግሞ «ቲክቶክ ላይ የምትዞረዋ ደረቅ ቅጠል የምትመስል ድንክ እስስት ናት ወይ? መርዝስ አላት?» ብለሻል። መርዙን ላስቀድም፣ ምክንያቱም ከሥር «ቶሎ ግደሏት» የሚል ኮሜንት አይቻለሁ። መርዝ የላትም። የትኛዋም እስስት የላትም። ስትፈራ አፏን ትከፍታለች፣ ሰውነቷን ትነፋለች፣ ከጨመቋት ልትነክስ ትችላለች፣ ግን በዚህ መጠኗ ምንም አታደርግም። እባካችሁ አትግደሏት።

ድንኳ ግን አይደለችም። ጅራቷን እይው። በፎቶሽ ላይ ረጅም ነው፣ ጫፉም ተጠቅልሏል። የድንኮቹ ጅራት አጭር ጉቶ ነገር ነው፣ እንዲህ አይጠቀለልም። ቀለሟም አረንጓዴ ነው፣ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡኒ፣ ግራጫ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደሉ ናቸው። የያዛችሁት ገና ያላደገች የእኛዋን እስስት ነው።

በርግጥ ሀገራችንም ድንክ እስስት አላት። በሳይንስ ስሟ ሪፔሊዮን ከርስቴኒ የምትባለው ኬንያም ታንዛኒያም ሶማሊያም እኛም ጋ አለች። ግን የደረቅ ቆላ ኗሪ ናት፣ ጣና ዳር አትፈልጊያት።

ቪዲዮው ላይ ያለችውን አውቃታለሁ። አገጯ ላይ ጢም የመሰለ ነገር አላት፣ ሪፔሊዮን ብሬቪካውዳተስ ትባላለች፣ የታንዛኒያ ተራራማ ደን እስስት ናት። እኔ የደን ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፣ ለሥልጠና ምሥራቅ ኡሳምባራ ተራሮች ላይ አማኒ የሚባለው ጥብቅ ደን ውስጥ ቆይቼ ነበር። ቦታው ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ወጥቶ ዝናብ የሚሆንበት ነው። ቀን ቀን ብትዞሪ አታገኚያትም። ከነጅራቷ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፣ ወድቆ በደረቀ ቅጠል መሐል ትሄዳለች፣ ጎኗ ላይ ያለው መስመር ልክ የቅጠል ሥር ይመስላል፣ እግርሽ ሥር ሆና ታልፊያታለሽ። የምትታየው ማታ በባትሪ ነው። ሲመሽ ከመሬት ተነስታ ቀጭን ቁጥቋጦ ላይ ትወጣና እዚያው ትተኛለች፣ ብዙ ጊዜ ከጉልበት በታች ነው፣ ስትተኛ ቀለሟ ስለሚነጣ ብርሃን ሲያርፍባት ወዲያው ለየት ትላለች። ቀጭኗን እንጨት የምትመርጠው ያለ ነገር አይደለም፣ አንድ ነገር ሊወጣባት ሲሞክር እንጨቷ ትነቃነቃለች፣ እሷም ትነቃለች።

በጣም የገረመኝን ልንገርሽ። እጅ ላይ ስትሆን ትንቀጠቀጣለች። የፍርሃት መንቀጥቀጥ እንዳይመስልሽ፣ መላ ሰውነቷ እንደ ስልክ ቫይብሬት ያደርጋል፣ የያዛት ሰው ደንግጦ እንዲለቃት ነው። ካልሆነ ደግሞ ትወድቅና እግሮቿን ሰብስባ ዝም ትላለች። ከቅጠሉ መሐል እንደገና ፈልገሽ አግኚያት እስቲ!

እዚያው ኡሳምባራ ውስጥ አፍንጫዋ ላይ ለስላሳ እሾህ ያላት ሌላ ድንክ አለች፣ ራምፎሊዮን ስፒኖሰስ ትባላለች። ይችን ያነሳኋት ልጅሽ «ምላሷ እንዴት ነው የሚወረወረው?» ብሎ ጠይቋል ስላልሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ክሪስቶፈር አንደርሰን የተባለ ተመራማሪ የብዙ እስስቶችን ምላስ በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ሲለካ ከሁሉም የበለጠችው ይህቺ ትንሿ ሆነች። ምላሷ ከሰውነቷ ርዝመት 2.5 እጥፍ ድረስ ይሄዳል (ጅራቷ ሳይቆጠር ነው)፣ ሲወረወርም ፍጥነቱ የሚጨምረው ነገር ወደ መሬት ሲወድቅ ከሚጨምረው በ264 እጥፍ ነው። ጡንቻ ብቻውን ይህን አይችልም። ምላሱ ከመወርወሩ በፊት ውስጥ ያለው ተለጣጭ ሥጋ ይወጠራል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ትናንሾቹ የሚበልጡበት ምክንያትም ይህ ይመስላል፣ ትንሽ እንስሳ ከክብደቱ አንጻር ብዙ መብላት አለበት፣ ስለዚህ ከሰውነቷ ጋር ሲተያይ የምላሷ መሣሪያ ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ዘጌ ልመለስ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አማኒ አካባቢ ትልልቁን ዛፍ ትተው ሥሩን እየመነጠሩ ሄል ያለሙበት ቦታ አለ። ከላይ ሲያዩት ደን ነው። ለድንኳ ግን የሚያስፈልጋት ያ የተመነጠረው ነው፤ ቅጠሉ፣ እርጥበቱ፣ የምትተኛበት ቁጥቋጦ። ሌላ ቦታ ልሂድ ብትል ፀሐይ የሚመታውን ማሳ አታቋርጥም፣ እዚያው ታልቃለች። ዘጌ ደግሞ በሬ አይጠመድበትም፣ ከብት አይገባበትም፣ ከገዳማቱ ጋር በቆየ ሥርዓት ማለቴ ነው፣ ቡናውም በዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። የልጅሽ እስስት የምትበላውን ነፍሳትና የምትልሰውን ጤዛ ያገኘችው በዚያ ጥላ ነው። የእኛዋ እንደ ድንኳ ጥላ ካልሆነ የማትኖር አይደለችም፣ አጥር ላይም ጌሾ ላይም ትገኛለች፣ ግን እሷም ብትሆን ቁጥቋጦ ትፈልጋለች። ቡናችሁን ስታጸዱ ዳር ዳሩን ለቀቅ አድርጉለት፣ ለእናትሽም ንገሪልኝ።

ለጊዜው የምታደርጊው፦ ከሃይላንዱ ዛሬውኑ አውጫት። የባሕር ዳር ሙቀት በላስቲክ ውስጥ ይገድላታል። ቅርጫት ውስጥ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አቁመሽ እዚያ ላይ አድርጊያትና ነጠላ ወይም ሻሽ አልብሺው፣ ጥላ ውስጥ ይሁን። ውሃ በሰሃን ብታቀርቢላት ላታውቀው ትችላለች፣ ቅጠሉን እርጭው፣ ጠብታውን ትልሳለች። ዳቦ አትስጧት፣ ትናንሽ ዝንብ ካገኛችሁ ልቀቁባት። በጅራቷ አታንሷት፣ ጣት አቅርቡላት ራሷ ትወጣለች።

ከዚያ በመጀመሪያው ጀልባ ዘጌ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ልጁ ራሱ ይዟት ይሂድ፣ ያገኘበትን ቡና ያውቀዋል። ሲመሽ አይልቀቃት። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ቅጠል በዛ ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጣት። ያ ቡና ከተቆረጠ አጠገቡ ያለው ይሁን፣ ወደ ሌላ ሰፈር አይውሰዳት።