መልህቅ፣ ካስማ፣ ፊሸር፦ የአንባቢዎች ጥያቄ

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የሆነ ነገር አልያዝ ካላቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

«ጋሼ፣ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቆሮሶ እናጠምዳለን። ድንጋይ በገመድ አስረን እንጥላለን፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ጀልባው ድንጋዩን እየጎተተ ይነጉዳል። ትልቅ ድንጋይ ይሻላል?» ከሐይቅ ከተማ

አይሻልም። መጀመሪያ ነገር ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ብረት የሚያጣው አንድ ስምንተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ጥፍሩ መሬት ውስጥ ሲሰነቀር ነው። ጥፍሩ የሚሰነቀረው ደግሞ ወደ ጎን ሲጎተት ነው፤ ወደ ላይ ከተጎተተማ ይነቀላል። መርከበኞች ገመዱን ከውሃው ጥልቀት ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚለቁት ለዚህ ነው። 4 ሜትር ጥልቀት ላይ ከቆማችሁ ከ20 እስከ 28 ሜትር ገመድ ልቀቁ።

ብየዳ ቤት ሂዱና ከፌሮ ቁራጭ አራት ጥፍር ያለው ሜንጦ አሠሩ። ከሜንጦው በላይ አንድ ሁለት ሜትር ሰንሰለት ብትቀጥሉበት ገመዱ ታች ላይ ይተኛል፣ ጥፍሩም ወደ ጎን ይሳባል። መሀል ሐይቁ ላይ ግን አትሞክሩት። እዚያ ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ 400 ሜትር ገመድ ጀልባ ላይ ጭናችሁ ዓሣውን የት ልታስቀምጡት ነው? ዳር ዳሩን ያዙ። ዳሩም ቢሆን እንደነበረ አይቆይም፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዱሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በእግር ይገባል። ወንድ ለሆነ ማለቴ ነው።

«ሰኞ ባቲ ገበያ ፍየል ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ 18 ሺህ ብር አለኝ። ተከራክሬ 13 ሺህ አስገባሁትና ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ጎረቤቴ እኩያውን በ10 ሺህ ገዝቷል። ምን ነካኝ?» ከከሚሴ

አብሽር፣ ብቻህን አይደለህም። 18 ሺህ የምትለዋ ቁጥር መልህቅ ሆና ያዘችህ። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1974 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ሰዎች ፊት ቁጥር የተጻፈበት ጎማ ያሽከረክራሉ። ጎማው 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያ «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ስንት ከመቶው የአፍሪካ አገሮች ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። 10 የደረሰው ቡድን መካከለኛ ግምት 25 ሆነ፤ 65 የደረሰው 45 አለ። ጎማው ከአፍሪካ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ግን ጎተታቸው።

የባቲ ሻጭ ይህን ጥናት ማንበብ አላስፈለገውም። አንተ «5 ሺህ አስቀነስኩ» ብለህ ስትደሰት እሱ የሚቆጥረው ከ18 ሺህ ሳይሆን ከፍየሉ እውነተኛ ዋጋ ተነስቶ ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጣ ጣሪያህን ወስን። ገበያው ውስጥ እንደገባህ አትግዛ፤ ሦስት አራት ቦታ ጠይቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገዝቶ የሚመለሰውን ሰው ጠይቅ። የተጋነነ ዋጋ ከተጠራብህ ከዚያ ቁጥር ላይ መቀነስ አትጀምር። ፈገግ ብለህ እለፍ፤ ከፈለገህ ይጠራሃል።

«የተከራየሁት ቤት ብሎኬት ነው። ቴሌቪዥን ልሰቅል ብል ፊሸሩ ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ።» ከደሴ

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ፕላስቲኩ ፊሸር ብሎኑ ሲገባበት እየሰፋ ዙሪያውን ነው የሚገፋው፤ የሚገፋው ነገር ካጣ ምን ይያዝ? የኮንክሪት ምሰሶውን ፈልገሽ እሱ ላይ ብሺ። መብሻው ከፊሸሩ ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው፣ አቧራውንም እፍ ብለሽ አውጪ። ምሰሶው የማይመች ቦታ ከሆነ ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ላይ አኑሪው፤ ግድግዳውም የሰው ነው። በነገራችን ላይ ፊሸር የሰው ስም ነው፤ አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ በ1958 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው።

«የአንከር ወተት ላይ መልህቅ ምን ይሠራል?» ከኮምቦልቻ

ከላም ጋር አይገናኝም። «አንከር» በእንግሊዝኛ መልህቅ ማለት ነው። ስሙ ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኒውዚላንድ ቅቤ ስም ነው። አንድ ሠራተኛ ክንዱ ላይ ከነበረው ንቅሳት ተወሰደ ይባላል።

«ለልጄ ሰርግ ድንኳን እንተክላለን። ነፋሱ ካስማውን እንዳይነቅለው ምን ላድርግ?» ከወልድያ

እናቴ፣ ካስማውን ቀጥ አድርገው አይምቱት። አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያጋድል፣ ሹሉ ወደ ድንኳኑ ይግባ። ገመዱም አናቱ ላይ ሳይሆን መሬቱ አጠገብ ይታሰር። ዝናብ ከጣለ አፈሩ ስለሚላላ ማታውኑ አንድ ሰው እየዞረ ያጥብቀው። ሙሽሮቹን እንኳን ደስ አላችሁ በሉልኝ።