ንፍፊታችሁን ዳብሳችሁ ታውቃላችሁ?

ልጆች፣ ስሙኝማ። ባለፈው የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ሊያጠና ቤቴ መጣና ሊምፍ ምንድን ነው አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ውዳሴ ማርያም አንበለበለልኝ። "እሺ፣ አንተ ጋ የት ነው ያለው?" ስለው ዝም። አልፈረድኩበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ።

እሾህ ወግቷችሁ እግራችሁ ሲያመረቅዝ ብሽሽታችሁ ላይ የምታብጠው፣ እናቶቻችን ንፍፊት የሚሏት፣ እሷ የሊምፍ ዕጢ ናት። ቁስሉ እግር ላይ፣ እብጠቱ ብሽሽት ላይ። ለምን? ደም በቀጫጭኖቹ ሥሮች ሲያልፍ ውሃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል። አብዛኛው እዚያው ይመለሳል፤ የተረፈው፣ በቀን 3 ሊትር ገደማ፣ ሊምፍ ተብሎ በሊምፍ ቧንቧ ዞሮ ደም ውስጥ ይገባል። ዕጢዎቹ መንገድ ላይ ያሉ ኬላዎች ናቸው። ጀርም ሲያዝ ነጭ የደም ሴሎች ይረባረቡበታል፣ ኬላውም ያብጣል። ሊምፍ ደግሞ የሚገፋው ልብ የለውም። ስትራመዱ የባታችሁ ጡንቻ እየጨመቀ ወደ ላይ ይሰደዋል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣችሁ ውላችሁ ስትወርዱ ጫማ የሚጠባችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ደምበጫ ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ፣ እትዬ እላቸው ነበር፣ ሁለቱም እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጦ ነበር። ሰፈሩ "ዝሆኔ ነው፣ የዘር ነው" ብሎ ዘግቶታል፤ ልጃቸውን እንኳ የሚያጭላቸው ጠፍቷል። እኔ የተማርኩት ዝሆኔ በትንኝ በሚተላለፍ ትል እንደሚመጣ፣ ትሉም ደም ውስጥ በሌሊት እንደሚወጣ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በኩራዝ ብርሃን ጣታቸውን ወጋሁ። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሳይ ምንም የለም። በማግስቱም ወጋሁ። በሦስተኛውም። ደሙን በማይክሮስኮፕ ለማየት የምቀባው ማቅለሚያ ተበላሽቶብኝ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። እሳቸው እቴ፣ "አይዞህ ልጄ፣ ነገ ታገኘዋለህ" ይሉኝ ነበር።

ትል አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ነው የሠሩት። ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አገራችን አጥንቶ አፈሩ ላይ ጣቱን የቀሰረበት በሽታ። ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባል። ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል፣ መፍጨት ግን አይሆንላቸውም። የሊምፍ ቧንቧው ይቆጣል፣ ይጠባል፣ ውሃው መመለሻ ያጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ትሉ ዝሆኔ ሳይሆን ከእግር ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ይሄን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም ነበር። ሦስት ሌሊት ጣት ስወጋ እግራቸውን ዝቅ ብዬ አላየሁም።

ስለዚህ አደራ። ሐኪም ሁኑ፣ መምህር ሁኑ፣ ወይ ምንም አትሁኑ፣ አንድ የባዮሎጂ ቃል ስታነቡ መጀመሪያ ገላችሁ ላይ ፈልጉት። ካጣችሁት አስተማሪያችሁን ጨቅጭቁ፤ ቢቆጣም አይገድልም። እግሩ ማበጥ የጀመረ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ፤ ቶሎ ከተጀመረ እብጠቱ ይጎድላል።

የእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ሰምቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ታዲያ በባዶ እግሩ የሄደ ሁሉ ለምን አልታመመም?" ደስ አለኝ። ሰፈሩ "የዘር ነው" ያለው ግማሹ እውነት ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የደቡብ ኢትዮጵያ ጥናት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን በሚለይባቸው ጂኖች ላይ ልዩነት ያላቸው ሰዎች ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ግን ዘር ብቻውን ምን ያበቅላል? ጫማ ያደረገ እግር አፈሩን አያገኘውም። እትዬ ጫማ የገዛላቸው አልነበረም።